አስታማሚዋን ማን ያሳርፋት?

የተከበራችሁ የዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊድ አገልጋዮች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ እናቶችና አባቶች፤ 

በቅድሚያ አንድ ቤት ይዤአችሁ ልግባ። ስም አልጠራም፣ ሰፈርም አልናገርም፤ ነቀምቴ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። እናት ናት፣ 52 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አንደኛ ደረጃ አስተምራለች። ችግሩ መጀመሪያ የታየው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነበር። ሰኞ የጻፈችውን ቀን ማክሰኞም ረቡዕም ያንኑ ጻፈችው፤ ልጆቹ ሳቁ። ቆይቶ የፈተና ውጤት ስትደምር ይምታታባት ጀመር፤ ከዚያ የምታስተምርበት ክፍል ራሱ ጠፋባት። አለቃዋ ስንፍና ነው አለ። ጎረቤት መተት ነው አለ። ባለቤቷ «ጭንቀት ነው፣ ይለቃታል» አለ። እንዲህ እየተባለ ሦስት ዓመት አለፈ።

አሁን የምታስታምማት የመጨረሻ ሴት ልጇ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ትምህርቷን አቋርጣ መጣች። ይህች ልጅ ማታ የበሩን ቁልፍ እጇ ላይ በክር አስራ ነው የምትተኛው፤ እናቷ ሌሊት ተነስታ ቁልፍ ስትፈልግ እንድትቀሰቅሳት። ቀን ቀን አንድ ሰፌድ ጥሬ ቡና ታቀርብላታለች። እናት ቁጭ ብላ ትለቅማለች፤ ለመልቀም እጇ አልረሳም። ማታ ልጅ የተለቀመውን ከገለባውና ከጥቁሩ ፍሬ ጋር መልሳ ትቀላቅለዋለች፤ ለነገ ሥራ እንዲሆን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናት ነጠላዋን ትለብስና «ቤቴ ልሂድ፣ ልጆቼ ይጠብቁኛል» ትላለች፣ በገዛ ቤቷ ቆማ። ልጅ አትከራከራትም። እጇን ይዛ ቤቱን ታዞራትና በጓሮ በር ታስገባታለች። አንዳንድ ቀን አንድ ዙር ይበቃል፤ አንዳንድ ቀን እስኪመሽ ይዞራሉ።

ይህን ቤት የሚጠይቅ ሰው አልጠፋም። ብርቱካን ይዞ የሚመጣ አለ፣ ጸልዮ የሚሄድ አለ፣ «አንቺም ራስሽን ጠብቂ» የሚል ሞልቷል። «ሂጂ ተኚ፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እኔ አለሁ» ያላት ግን የለም። ዛሬ የመጣሁት ስለዚች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው።

ስለ ሕመሙ፣ ስለ አልዛይመር፣ ጥቂት ልበል። አልዛይመር የሽማግሌ በሽታ ነው ብለን ስላደግን ሃምሳ ዓመት ላይ ሲመጣ አንጠረጥረውም። የበሽታው ታሪክ ግን የሚጀምረው ገና ባላረጀች ታማሚ ነው። በ1901 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ፍራንክፈርት ከተማ፣ ዶክተር አሎይስ አልዛይመር ፊት የቀረበችው አውጉስተ ዴተር 51 ዓመቷ ነበር። ስሟን ጻፊ ስትባል ጀምራ ትተወዋለች። ወደ ሆስፒታል ያመጣት ባለቤቷ ነው፤ የባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ሥራውን ይዞ ሌት ተቀን መጠበቅ አልቻለም። በ1906 ሞተች፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሐኪሙ ቱቢንገን ከተማ ላይ ስለ እርሷ ንግግር አደረገ፤ በሽታውም በኋላ በእርሱ ስም ተጠራ። የባልየው ስም ከታሪክ ተማሪዎች በቀር የሚያስታውሰው የለም። ግን ልብ በሉ፣ በዚህ ሕመም ታሪክ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ራሱ አቅሙ ያለቀ አስታማሚ አለ።

ሐኪሞች ከ65 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመረውን ሕመም ያለጊዜው የመጣ ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እንደ አውሮፓውያን በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች አልዛይመርን ጨምሮ ከመርሳት ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከመቶው እስከ ዘጠኙ ያለጊዜው የመጣባቸው ናቸው። ከታማሚዎቹ ከ60 በመቶ በላይ የሚኖሩት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከማስታመሙ ሰዓት 70 በመቶውን የሚሸከሙት ደግሞ ሴቶች ናቸው። ለዚህ የመጨረሻው ቁጥር ጥናት እንኳ አያስፈልገንም፤ የየቤታችንን ጓዳ ማየት ይበቃል።

ያለጊዜው ሲመጣ ክብደቱ ሌላ ነው። የ80 ዓመት አባት ሲዘነጋ ልጆች አድገዋል፣ ጡረታ ተከብሯል፣ ጉልበትም ደክሟል። የ52 ዓመት ሰው ግን እግሩ ጠንካራ ነው፤ ከባኬ ጃማ ሰፈር ተነስቶ ማንም ሳያየው ወደ ሲሬ የሚወስደውን መንገድ ሊያያይዘው ይችላል። ደመወዙ የቤቱ ምሰሶ ነበር። ልጆቹ ገና ተማሪዎች ናቸው። ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ስለሚመስል ደግሞ ገበያ ላይ ዕቃ አንስቶ ሳይከፍል ሲሄድ «ሌባ» ይባላል እንጂ «ታሟል» አይባልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራ። አደራ የምለው አለ፦ መርሳት ሁሉ አልዛይመር አይደለም። የእንቅርት ዕጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ቂጥኝ፣ ኤች አይ ቪ፣ ከባድ ድብርት፣ የአረቄ ብዛት፣ ከባጃጅ ወድቆ ጭንቅላት ውስጥ የቋጠረ ደም፣ እነዚህ ሁሉ ሰውን ያዘነጋሉ፤ ብዙዎቹም በጊዜ ከተደረሰባቸው ይታከማሉ። በ50 ዓመት የተዘነጋን ሰው ሳያስመረምሩ «አንድዬ ያውቃል» ብሎ ቤት ማስቀመጥ በደል ነው። ነቀምቴ ላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል አሉ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ በበደሌ በኩል ጅማ፣ ወይም 330 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ የነርቭ ክፍል ወይም አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ለደምቢ ዶሎ ሰው አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ካለፉት ዓመታት ግጭት ወዲህ ደግሞ መንገዱ ክፍት የሚሆንበትንም የሚዘጋበትንም ታውቃላችሁ፤ በእኛ አቆጣጠር በ2012 አጋማሽ ላይ ስልኩም ተቋርጦብን ነበር። ወለጋ ውስጥ የሚሠራ መፍትሔ መንገድ ቢዘጋም የሚሠራ መሆን አለበት። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ምርመራው ለሕክምና ብቻ አይደለም፣ ለወረቀትም ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በጤና ጉድለት መሥራት እንደማይችል በሐኪሞች ቦርድ ከተረጋገጠ፣ ዕድሜው 60 ባይሞላም የጤና ጉድለት ጡረታ አበል አለው። ቅድም ያልኳት መምህርት በሥራ መጓደል ደብዳቤ እየተጻፈባት ብትሰናበት ኖሮ ይህ መብቷ እንደዋዛ ይቀር ነበር። እዚህ ያላችሁ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ለረዥም ዓመት ታታሪ የነበረ ሰው በሃምሳዎቹ ውስጥ ድንገት ከተበላሸባችሁ ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በፊት ወደ ሐኪም ላኩት። ቤተሰብም ውክልናን አያቆይ። ሰውየው የሚፈርመውን ተረድቶ መፈረም በሚችልበት ጊዜ ካልተደረገ፣ በኋላ ያለው መንገድ ፍርድ ቤት ሄዶ ማስከልከልና ሞግዚት ማሾም ነው፤ እሱ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም።

አሁን ወደ ልጅቱ ልመለስ። ማን ያሳርፋት?

የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉን፣ አዋጅ 1156/2011ን ብንጠይቀው፣ ሠራተኛ የሆነ ሰው ልዩና አሳሳቢ ነገር ሲገጥመው ያለ ደመወዝ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ፈቃድ ያገኛል። በዓመት አሥር ቀን፣ ያውም ያለ ክፍያ! ለቀብር ይበቃል። አሥር ዓመት ለሚፈጅ ሕመም ምን ያደርጋል?

ተቋም ሲባል ደግሞ ሁላችሁም መቄዶንያን ትጠራላችሁ። አቶ ቢኒያም በለጠ አዲስ አበባ ላይ የመሠረተው የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከጎዳና አንስቷል፤ ክብር ለሥራው። ነገር ግን መቄዶንያ የተቋቋመው ለወደቀና ደጋፊ ላጣ ሰው ነው። እናቷን ያልጣለች ልጅ፣ ልትጥልም የማትፈልግ ልጅ፣ ለሦስት ሰዓት የምታንኳኳው በር አገራችን ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። አያያዛችን ልክ አይደለም፦ ሰው እስኪወድቅ እንጠብቃለን፣ ሲወድቅ እናነሳለን። የቀን ማዋያ ማዕከል የሚባል ነገር ነቀምቴም ጊምቢም ሻምቡም ደምቢ ዶሎም የለንም።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ? ጃፓን በ2000 እንደ አውሮፓውያን የረዥም ጊዜ እንክብካቤ መድን አቋቋመች። ታማሚውን ቀን የሚያውል ወይም ለጥቂት ቀናት የሚያሳድር ቤት በመድኑ ይሸፈናል። መድኑ በዋናነት ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ ያለጊዜው የመርሳት ሕመም የያዘው ሰው ግን ከ40 ዓመቱ ጀምሮ እንዲገባበት ሕጉ ለይቶ አስቀምጧል። ጃፓን ሀብታም ናት፣ እሺ። ሕንድን እንይ። ጎዋ በምትባለው ግዛት ሐኪም ያልሆኑ፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የሰፈር ሰዎች እየሄዱ አስታማሚዎችን ቤታቸው እንዲያግዙ ተደረገ፤ ውጤቱ በ2008 እንደ አውሮፓውያን ታተመ። አስታማሚዎቹ ላይ ያለው የአእምሮ ጫና ቀነሰ። ለዚያ ሕንጻም ልዩ መኪናም አላስፈለገም፤ ያስፈለገው የሠለጠነ ሰውና ተቆጣጣሪ ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት ይገድል በነበረበት ዘመን አዲስ አበባ ላይ ሕይወት የተባለው የኤች አይ ቪ ኤድስ መከላከል፣ እንክብካቤና ድጋፍ ድርጅት ዕድሮችን ይዞ ተነሳ። ለመቅበር ብቻ የተቋቋሙ ዕድሮች በጎ ፈቃደኛ አሠልጥነው አልጋ ላይ ያለውን ሰው ማጠብ፣ ማብላትና መድኃኒት ማስዋጥ ጀመሩ። «በሕይወት ሳለ እንድረስለት» አሉ። ያ ዘመን ሲያልፍ ልምዱን ለሌላ ሕመም ያዛወረው ጥቂት ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ኪሳራ ነው።

እዚህ ወለጋ አንዳንዶቻችሁ «ዳዶ እንግባላት» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በእርሻ አውቀነዋል፣ አንድ ቀን የሠራልህን አንድ ቀን ትሠራለታለህ። ግን ዳዶ ብድር ነው። አስታማሚ የምትመልሰው ቀን የላትም፤ ስለማትመልስም ትሳቀቃለች፣ ስትሳቀቅ አትጠራችሁም። ዕድር ይሻላል። ዕድር ላይ ሁሉም አስቀድሞ ከፍሏል፤ የደረሰበት ሰው የሚቀበለው መብቱን ነው።

ደግሞ ዕድር የሚያስፈልገውን ሙያ ሁሉ ያውቃል። ለቅሶ ቤት ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚያድር ተራ ታወጣላችሁ። የቀረውን ትቀጣላችሁ፤ ያውም ሳትራሩ! ታዲያ ይህንኑ ለሕያው እናድርገው።

በዝርዝር ልናገር፣ ምክንያቱም በጎ ሐሳብ የሚሞተው ዝርዝር ሲጎድለው ነው። ከአንድ ዕድር ስድስት ሰው ይመረጥ። እያንዳንዳቸው በወር ሁለት ጊዜ፣ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይቀመጡ። ለአስታማሚዋ በወር 36 ሰዓት ሆነ። ከስድስቱ ይልቅ መቶው አባል በየተራው ይምጣ የሚል አለ፤ አይሆንም። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው በየቀኑ አዲስ ፊት ሲያይ ይደነግጣል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዴም ይማታል። ፊቱ የታወቀ፣ ሰዓቱ የማይዛነፍ ሰው ነው የሚፈለገው። ለሴት ታማሚ ሴት፣ ለወንድ ወንድ ቢሆን ይመረጣል፤ መጸዳጃ ቤት መውሰድ አለና። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አስታማሚዋ ሳትወጣ አብራ ትሁን፤ ታማሚው ሲለምድ ትውጣ።

ከመሄዷ በፊትም አንድ ወረቀት ትጻፍላቸው። በምን ስም ሲጠሩት ዞር ይላል፣ በኦሮምኛ ነው በአማርኛ የሚረጋጋው፣ ምን ሥራ ይወድ ነበር፣ ምን ነገር ያስቆጣዋል፣ ትንታ አለበት ወይ፣ የትኛውን በር መዝጋት ይገባል። የመምህርቷ ወረቀት ላይ ቢጻፍ የምለው፦ «ቡናውን ስጧት። ጨረስኩ ካለች አመስግኑ። ቤቴ ልሂድ ካለች እሺ በሉ፣ አብራችሁ ዙሩ።»

የሚመጣው ሰው ምን እንዳያደርግም እንስማማ። ጠያቂ መጥቶ ቡና ካስፈላ አላሳረፈም፣ ሥራ ጨመረ። በሕመሙ ላይ ምክር አይስጥ፤ ያየውን ወጥቶ አያውራ። ወሬ ያወጣ ከለቅሶ ከቀረው ይበልጥ ይቀጣ፤ ይህን የምለው ቀልዴን አይደለም። ቤተሰቦች ታማሚውን ደብቀው የሚያስቀምጡት ሰው ይሰማል ብለው ነው።

ሥልጠናውን ከየት እናመጣለን ለምትሉኝ፣ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እዚሁ ተቀምጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያዎች ያዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2010 እንደ አውሮፓውያን ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል፤ የመርሳት ሕመም ምዕራፍ አለው፤ አስታማሚው ተተክቶ እንዲያርፍም ይመክራል። ቦታ ካስፈለገ ደግሞ የመካነ ኢየሱስም፣ የኦርቶዶክስም፣ የካቶሊክም አዳራሾቻችን ከእሑድ በቀር አብዛኛውን ቀን ባዶ ናቸው። አይራና ጊምቢ ላይ ሆስፒታል ያቆሙ አብያተ ክርስቲያናት በሳምንት አንድ ከሰዓት ምንጣፍ አንጥፎ አምስት ታማሚ ማዋል አያቅታቸውም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልስጥ። አስታማሚ ሲደክማት «የሚያስተኛ ኪኒን» ትፈልጋለች፤ አንዳንድ መድኃኒት ቤትም ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ ጠንካራ መድኃኒቶች የመርሳት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ2005 እንደ አውሮፓውያን ጀምሮ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ አድርጓል። ሐኪም አይቶ ካላዘዘ አትስጡ። ሁለተኛው ሰንሰለት ነው። ጸበልም ሆነ ጸሎት ቤት መውሰዳችሁን አልነቅፍም፣ ብዙ ሰው ይጽናናበታል። ማሰር ግን ሕመሙን አይፈውስም፣ እግር ያቆስላል። የሚታሰሩትም አብዛኛውን ጊዜ ጠባቂ ስለሌለ ነው፤ ስለዚህ ስለ ተራው የምናወራው ስለ ሰንሰለቱም ነው።

በውጭ አገር ስላሉት ዘመዶች ሳልናገር አልወርድም። ሚኒሶታ ያሉት ወንድሞችና እህቶች፣ ዱባይና ሪያድ ያሉትም፣ በየሳምንቱ ይደውላሉ፤ «በቪዲዮ አሳይን» ይላሉ፤ ታማሚዋ ስትስቅ ካዩ «ደህና ናት እኮ» ይላሉ። ይህች «ደህና ናት እኮ» አስታማሚን የምትገድል ቃል ናት። ገንዘባችሁ ያስፈልጋል፤ ግን «ለመድኃኒት» ብላችሁ አትላኩ፣ የአንዲት ረዳት ሠራተኛ ወርሃዊ ደመወዝ ብላችሁ በየወሩ ሳታቋርጡ ላኩ። ለዕረፍት ስትመጡ ሆቴል አትያዙ። እዚያው ቤት ግቡ፣ ቁልፉን ተቀበሉ፣ ልጅቱን ሁለት ሳምንት ወደ ጓደኞቿ ላኳት። ከዚያ በኋላ ደህና መሆኗንና አለመሆኗን እናንተው ንገሩን።

መንግሥት የት አለ የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ የጤና መድኑም ሕጉም አስታማሚን ሊያያት ይገባል፤ ይህን ከመጠየቅ አንቦዝን። ነገር ግን አዋጅ እስኪወጣ ያቺ ልጅ ዛሬ ማታ ቁልፉን እጇ ላይ ታስራለች። ቅድም ያዙልኝ ያልኩትም ይኸው ነው፤ መንገድ ተዘጋም ተከፈተም ዕድር ሰፈር ውስጥ አለ፣ ለመድረስ መኪና አያስፈልገውም።

የዕድር ዳኞች፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባችሁ ላይ አጀንዳ አስይዙ። መተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ትግባ፦ «በአባሉ ቤት የረዥም ጊዜ ታማሚ ሲኖር ዕድሩ ስድስት ተረኞች መድቦ አስታማሚውን ያሳርፋል፤ ተራውን ያለ በቂ ምክንያት ያጓደለ ከቀብር እንደቀረ ይቀጣል።» ረቂቁን በኦሮምኛም በአማርኛም አንድ ገጽ አድርጌ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ስትወጡ ውሰዱ። ጥያቄ ካላችሁ አሁን ጊዜው የእናንተ ነው።